ፊልም ቤት ውስጥ መቼ እንናገር?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ፊልም እየታየ ስለሚወራ ወሬ ነው። መቼ ደስ ይላል? መቼስ ነውር ይሆናል?

መጀመሪያ አንድ ምሽት ያየሁትን ላጫውታችሁ። ቦታው በድንበር ከተማችን በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለ ቪዲዮ ቤት ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ ወንበር። በር ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚጀምር ይናገራል። ሁለት ሰዓት ሲባል ደግሞ በስዋሂሊም በአማርኛም ያው የማታው ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚህ እንኳን ድንበሩ አይለያየንም። ፊልሙ የአሜሪካ የድብድብ ፊልም ነው፤ ከላዩ ላይ ግን በስዋሂሊ የሚተርክ ሰው ድምፅ ተጭኖበታል።

ከፊቴ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ተቀምጧል። ኢትዮጵያዊ ነው። የጭነቱ ወረቀት እስኪያልቅለት እንቅልፍ አልወስድ ብሎት የገባ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ስዋሂሊም አይሰማም። አጠገቡ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ የሞያሌ ልጅ ተቀምጧል። እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ልጆች ከቦረንኛው ሌላ ስዋሂሊውንም አማርኛውንም አጣርቶ ያውቃል። ስዋሂሊውን እየሰማ በአማርኛ ለሾፌሩ ጆሮ ያቀብላል። «ጋሼ፣ ይሄኛው ወንድሙን ያስገደለበት ሰውዬ ነው። ገና አላወቀውም።» ሾፌሩ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል።

ከኋላ አንድ ሰው «ኪምያ!» ብሎ ጮኸ። ዝምታ ማለቱ ነው። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ። ትንሽ ቆየና ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት እያለቀሰች ረጅም ነገር ስትናገር ሾፌሩ መታገስ አቃተው። በሙሉ ድምፁ «ምን አለች? ለምን ታለቅሳለች?» አለ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ከቅድሙ ሹክሹክታ ይልቅ ይህኛው ባሰ። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት መጣና ምንም ሳይቆጣ ሁለቱን በግራ በኩል ግድግዳው ሥር ወዳለው አግዳሚ አዛወራቸው። ፊልሙ ቀጠለ። ሹክሹክታውም ቀጠለ፤ እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ይህ ምሽት ብዙ አሳሰበኝ። «ኪምያ» ያለው ሰው ከፍሎ ነው የገባው፤ የከፈለበትን ፊልም ሊሰማ ይገባዋል። ሾፌሩም ከፍሏል፤ እሱም የከፈለበትን ፊልም ሊሰማ ይገባዋል። ለሾፌሩ ፊልሙ ማለት የልጁ ድምፅ ነው። የልጁን ድምፅ ስንዘጋበት ፊልሙን ዘጋንበት። ስለዚህ ሰው ተናገረ ወይስ ዝም አለ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያደርስም። ድምፁ ምን እየሠራ ነው? ሰውን ወደ ፊልሙ ያስገባል ወይስ ከፊልሙ ያስወጣል? ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጥያቄ ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ብዙ ሰው ፊልም ቤት ውስጥ ዝም ማለት ሥልጣኔ ነው፣ መናገር ደግሞ ኋላቀርነት ነው ብሎ ያምናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓም ቢሆን በቴአትር ቤት ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ የቆየ ልማድ አይደለም። ቀድሞ ተመልካቹ ያወራ ነበር፣ ይበላ ነበር፣ ያልወደደውን ተዋናይ ይጮኽበት ነበር። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ቫግነር በ1876 እ.ኤ.አ. ባይሮይት በምትባል ከተማ የራሱን ቴአትር ቤት ሲከፍት የተመልካቹን አዳራሽ አጨለመው፤ ሁሉም ሰው ወደ መድረኩ ብቻ እንዲያይ። ተመልካቹ ይህን ትምህርት ከመምህሩ በላይ ተማረው። በ1882 «ፓርሲፋል» የተባለው ሥራው ሲታይ ቫግነር ራሱ በአንዱ ትዕይንት ተደስቶ «ብራቮ!» ብሎ ቢጮኽ፣ ማን መሆኑን ያላወቁ ተመልካቾች «እሽሽ!» ብለው ዝም አሰኙት ይባላል። ዝምታው ባለቤቱንም አልማረም።

ፊልም ሲጀመርም ድምፅ አልነበረውም፤ ፊልም ቤቱ ግን ድምፅ ነበረው። በጃፓን «ቤንሺ» የሚባሉ ሰዎች ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው የተዋናዮቹን ንግግር እየፈጠሩ፣ ታሪኩን እየተረኩ ያሳዩ ነበር። ሕዝቡ ከፊልሙ ይልቅ የሚወደው ቤንሺ ያለበትን ቤት እየመረጠ ይገባ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም መጥቶ በ1930ዎቹ እንጀራቸውን እስኪያሳጣቸው ድረስ።

ወደ እኛው ቀዬ እንምጣ። ከ1935 እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ እንግሊዞች ታንጋኒካ ላይ ተቀምጠው ሠላሳ አምስት ያህል ትምህርታዊ ፊልሞችን ሠርተው ነበር። በመኪና ጭነው ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ፊልሙ ለብቻው፣ ንግግሩ ደግሞ በሸክላ ተቀድቶ ለብቻው፣ በየአገሩ ቋንቋ። እነዚህ ፊልሞች አፍሪካዊውን እንደ ሕፃን የሚያስተምሩ ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ገብቷቸው ነበር፤ ሥዕሉን ብቻውን ብታሳየው፣ በሰውየው ቋንቋ የሚነግረው ድምፅ ከሌለ፣ ሰውየው ፊልሙን አላየውም።

ኋላ ላይ ሕዝቡ ይህን ሥራ በገዛ እጁ ያዘው። ኡጋንዳ ውስጥ «ቢባንዳ» በሚባሉት ቪዲዮ ቤቶች ማይክሮፎን ይዘው ፊልሙን በሉጋንዳ የሚተርኩ ሰዎች ተነሡ፤ ቪጄ ይባላሉ። እነሱ መተርጎም ብቻ አይደለም የሚሠሩት። ይቀልዳሉ፣ ያስጠነቅቃሉ፣ ጀግናውን ያበረታታሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በካምፓላ፣ ዋካሊጋ ሰፈር ይስሐቅ ናብዋና የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው» የተባለው ፊልም በዓለም የታወቀው በቪጄ ኤሚ ትረካ ነው፤ ትረካውን ብታወጡለት ሌላ ፊልም ይሆናል። በኬንያ ደግሞ ዲጄ አፍሮ አለ። የአሜሪካና የህንድ ፊልሞችን በስዋሂሊና በሼንግ እየተረከ፣ ከናይሮቢ ሰፈሮች እስከ ገጠር ከተማ ቪዲዮ ቤት ድረስ ያልገባበት የለም። እኔ ያን ምሽት የሰማሁት ድምፅም የዚሁ ልማድ ልጅ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ልጅ ለሾፌሩ ሲያንሾካሹክ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ተራኪ በስፒከር ከሚሠራው ሥራ የተለየ አልሠራም። አንዱ በክፍያ፣ በማይክሮፎን፤ ሌላው በነፃ፣ በጆሮ። «ኪምያ» ያለው ሰውም ቢሆን ራሱ የሚሰማው በትርጉም ነበር።

ተሳትፎ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎችም እንግዳ አይደለም። ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ወይም «የመሠረት» ብለን ካልመለስን ተራኪው አይጀምርም። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የማይሰጥ ሰው ካለ ሌላው ይሰጣል፤ አዝማሪው በመሰንቆው ይቀበላል። ሠርግ ላይ እልል የማትል እናት ታማ እንደሆን ትጠየቃለች። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ስክሪን ፊት ሲቀመጥ አፉን ቢከፍት ምን ይደንቃል? በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ከዚያ ስም ተነሥቶ፣ ተመልካቹ ለተዋናይዋ «ኧረ አትሂጂ፣ እሱ እኮ አታላይ ነው!» ብሎ እስከሚለምንበት ቀን መድረሱ በእኔ ዓይን ፍቅር ነው።

ግን «ተቀበል» የራሱ ሥርዓት አለው። ግጥሙን የሰጠው ሰው ሰጥቶ ዝም ይላል። አዝማሪው ዘፍኖ እስኪጨርስ ሁለተኛ ግጥም አይወረውርም፤ ሌላው እየሰጠ እሱ ከላዩ ላይ አይጮኽም። የቦረና አባቶችም ይህን ያውቁታል። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ንግግሩ በምርቃት ይከፈታል፣ ሰው በተራው ይናገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው ካልሰማ ጉባኤው ጉባኤ አይሆንም። ተሳትፎ ያለ ተራ ጫጫታ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቪዲዮ ቤታችን እንመለስ። ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲታይ ማንም «ኪምያ» አይልም። ጎል ሲገባ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ የአርሰናሉም የማንቸስተሩም ሰው ለዚያው ነው የገባው። ጩኸቱን ብንከለክል ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ውጤት ማየት ይበቃው ነበር። እዚያም ቢሆን የማይነካ ነገር አለ። ፕሮጀክተሩ ፊት የሚቆም ሰው ካለ ሁለቱም ደጋፊዎች ባንድ ድምፅ «ቁጭ በል!» ይሉታል። ስለ ጮኸ ግን አይቆጡትም። የዓይን መንገድ የጋራ ነው።

ፊልም ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ፊልም ከፊልምም ይለያል። በድብድብ ፊልም «በለው!» ማለት፣ በአስቂኝ ፊልም ሆድን ይዞ መሳቅ፣ በህንድ ፊልም ዘፈን ሲመጣ ማጨብጨብ፣ የጠፋች ልጅ ወደ እናቷ ስትመለስ እልል ማለት፣ እነዚህ ለሁሉም የሚደርሱ፣ ሁሉም አብሮ ሊላቸው የሚችላቸው ድምፆች ናቸው። ቶሎ ያልፋሉ። ፊልሙን አይሸፍኑትም፤ ያሞቁታል። ብቻዬን በስልኬ ካየሁት ፊልም ይልቅ ከሃምሳ ሰው ጋር የሳቅኩበት ፊልም ልቤ ውስጥ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስከፋኝ ሌላ ነው። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው «አሁን ይሞታል፣ ቆይ ታያለህ» ሲል የሌላውን ሰው ምሽት ቀማው። ያ ሰው ያን መደንገጥ ሊደነግጥ ነበር የከፈለው፤ አንዴ ከተነገረው በኋላ ማንም ሊመልስለት አይችልም። ሌላው ስልክ ነው። የደወለውን መዝጋት ሳይሆን አንስቶ ስለ ከብት ዋጋ ማውራት። ስልኩን ወደ ስክሪኑ ይዞ ፊልሙን መቅዳትም በሌላው ዓይን ላይ መብራት መለኮስ ብቻ አይደለም፤ የባለፊልሙን ንብረት መውሰድ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን በአንድ የሚያለቅስ ሰው ላይ መሳቅ ነው። በጨለማ ውስጥ ሰው የሚያለቅሰው ያ ፊልም የራሱን ነገር ስለነካበት ይሆናል። በአንድ ፊልም ላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ ይታያል እንበል። ሞያሌ ውስጥ ይህን እያየ የማይነካው ማን ነው? በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ከኢትዮጵያ በኩል ወደ ኬንያ በኩል ሲሻገሩ አይተናል። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ በሁለቱም በኩል ሐዘን ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ጨለማን ተገን አድርጎ፣ «ይሄ ገጸ ባሕርይ እነ እንትናን ይመስላል» እያለ በፊልም ሰበብ ጎሣ የሚሰድብ ሰው ካለ፣ ያ ቀልድ አይደለም። ጎረቤቱ አጠገቡ ተቀምጧል። የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች ስለ ሌላው ድምፅ ሁሉ ብትታገሡ እንኳን በዚህኛው ላይ መብራት አብርታችሁ ፊልሙን ማቆም ይገባችኋል። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ቃል። ልጅ ፊልም እያየ ይጠይቃል፤ መጠየቁ መልካም ነው፣ ወላጁ በጆሮው ይንገረው። ልጁ ሊያየው የማይገባ ፊልም ላይ ከተቀመጠ ግን ጥያቄው የሹክሹክታ አይደለም። የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ ፊልሞችን በዕድሜ ይመድባል፤ 16 ወይም 18 የተጻፈበት ፊልም ሲታይ ልጁ ቀድሞም በር ላይ መመለስ ነበረበት።

ሌላም አለ፤ ለእናንተ ለሬዲዮ አድማጮች ይህ ቶሎ የሚገባችሁ ይመስለኛል። ዓይኑ የማያይ ሰው ፊልም ቤት ይገባል? በሌሎች አገሮች ብዙ ሲኒማ ቤቶች ለዓይነ ስውራን በጆሮ ማዳመጫ ስክሪኑ ላይ የሚሆነውን የሚነግር ድምፅ አዘጋጅተዋል። «በሩን ከፈተ፤ ሽጉጥ ይዟል፤ እሷ አላየችውም።» እኛ ጆሮ ማዳመጫው የለንም። አጠገቡ የሚቀመጥ ወንድም ወይም እህት ግን አለን። ያች እህት ስታንሾካሹክ «ኪምያ» ከማለታችን በፊት ዞር ብለን ማን እንደተቀመጠ እንይ።

(አጭር ሙዚቃ)

ዓለም ይህን ችግር እንዴት ፈታው ብትሉኝ፣ ብዙው በሰዓት ነው የፈታው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ «ሮኪ ሆረር» የተባለ ፊልም ነበር። ከ1976 ጀምሮ በኒው ዮርክ በእኩለ ሌሊት ይታይ ጀመር። ተመልካቾች የተዋናዮቹን ንግግር ቀድመው ይመልሱ፣ በሠርጉ ትዕይንት ላይ ሩዝ ይወረውሩ ነበር። ማንም አልተከፋም፤ ያንን የማይፈልግ ሰው በዚያ ሰዓት አይገባማ። በ2025 ደግሞ «ማይንክራፍት» የተባለው ፊልም ሲወጣ ወጣቶች በአንዱ ትዕይንት ላይ እየጮኹ ፈንዲሻ ወደ ላይ ይበትኑ ጀመር። አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ፖሊስ እስከመጥራት ደረሱ፤ ሌሎች ግን ለጩኸት የተለየ ሰዓት መደቡ። የሁለተኞቹን መንገድ እመርጣለሁ። ፈንዲሻውን የሚጠርገው ሠራተኛ ግን አይረሳ፤ የበተነ ያጽዳ።

ይህ ለሞያሌ ይሠራል ብዬ አስባለሁ፤ ወጪም የለውም። ባለቤቶች ሆይ፣ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አላችሁ፤ ጠመኔም አላችሁ። የፊልሙን ስምና ሰዓት ስትጽፉ አንድ ቃል ጨምሩ። የዛሬው ማታ የጩኸት ነው ወይስ የጸጥታ? በስዋሂሊ፣ በቦረንኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛም ጻፉት። ከፍሎ የሚገባው ሰው ምን ዓይነት ምሽት እንደሚገዛ አውቆ ይግባ። ሁለተኛ፣ አንድ አግዳሚ ለይታችሁ ለትርጉም አስቀምጡ፤ ከስፒከሩ ራቅ ያለ፣ ከግድግዳው ጠጋ ያለ። ከተማችን የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ ያለባት ናት፤ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ነጋዴዎች፣ ዘመድ ጠያቂዎች ያድራሉ። የሚያድር እንግዳ ደግሞ ምሽት አለው፤ ፊልማችንን ሊያይ ይወዳል፤ ቋንቋችንን ግን ላያውቅ ይችላል።

ለተመልካች ደግሞ ይህን እላለሁ። ለወዳጃችሁ የምትተረጉሙ ከሆነ ዋናውን ንገሩት፤ እያንዳንዱን ቃል አትከተሉ። ተዋናዩ ዝም ሲል ተናገሩ፣ ተዋናዩ ሲናገር ስሙ፤ ጎበዝ አስተርጓሚ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከኋላ ያለው ሰው ከተቸገረ ደግሞ ሳይጮኽ ትከሻ ነካ አድርጎ «ወንድሜ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው» ይበል። በጨለማ የተጮኸ «ዝም በል» የተጠራውን ሰው ብቻ አይደለም የሚያሸማቅቀው፤ ማን እንደተባለ ስለማይታወቅ ሁሉንም ነው።

በማግስቱ ምሽት በዚያው ቪዲዮ ቤት አለፍኩ። ሾፌሩ አልነበረም፤ ጭነቱ አልፎለት ወደ ማርሳቢት ወርዶ ይሆናል። ልጁ ግን ግራው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። በግራና በቀኙ ሁለት ረዳቶች አሉ፤ አንዱ ጫት ይዟል፣ አንዱ የሻይ ብርጭቆ። ፊልሙ የህንድ ነበር። «ይቺ እናቱ ናት፣» ይላቸዋል፣ «ልጇ መሆኑን ግን ገና አላወቀችም።» ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው፤ ምንም አላላቸውም።



(የመውጫ ሙዚቃ)